የፈተና ጽሑፍን ራስ ማረም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ተማሪዎቼን «ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡት» ስላቸው ዐይናቸውን ብቻ አሳልፈውበት «ስሕተት የለውም» ብለው ያስረክቡኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን እንደሚፈልጉ ካልተነገራቸው፣ የሚያነቡት የጻፉትን ሳይሆን ሊጽፉ ያሰቡትን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ መልሱን ከጥያቄው ጋር ብቻ ያስተያዩ። «የጮቄ ተራራ ለአባይ ያለውን ጠቀሜታ አብራሩ» ሲባል «ጮቄ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኝ፣ ከፍታው ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው» ብሎ ያቆመ ተማሪ፣ የጻፈው እውነት ቢሆንም የተጠየቀውን አልመለሰም። «ጠቀሜታውን አብራሩ» ከሚለው ሥር ካሰመረ በኋላ «ታዲያ ለአባይ ምን ጠቀመው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ጨሞጋንና ሙጋን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ አባይ እንደሚገቡ፣ ተዳፋቱ ሲራቆትም ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ እንደሚወስደው ራሱ ይጨምራል። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ከሰጡት ግን ወረቀቱ ይታረማል እንጂ ተማሪው አይለምድም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሞጣ)፦ ዓረፍተ ነገሬ ሲረዝም መምህራችን «አይስማማም» ይሉኛል። አለመስማማቱን በምን ልወቀው?

መልስ፦ ከማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ግሥ) ተነሥተህ ወደ ኋላ ባለቤቱን ፈልግ። «የወንዞቹ መብዛት ለመስኖ ይጠቅማሉ» ብለህ ከሆነ፣ ባለቤቱ «መብዛት» ስለሆነ «ይጠቅማል» ልትል ይገባል፤ አጠገቡ ያለው «የወንዞቹ» ጆሮህን አታልሎት ነው። መርዘሙ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ባለቤቱ ከጠፋብህ ግን ለሁለት ክፈለው።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ፍኖተ ሰላም)፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

መልስ፦ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የማብራሪያ ጥያቄም፣ የጽሑፍ ሥራም ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ከመጀመር አሁን መልመድ ይቀላል።

ጥያቄ (መምህር፣ ቡሬ)፦ «ሰ»ና «ሠ» ሲቀላቀሉ ነጥብ ይቀነስ?

መልስ፦ የተፈተነው ፊደል አጻጻፍ ካልሆነ እኔ አልቀንስም። አንዱን ቃል በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት መልክ ከጻፈ ግን አሰምርበትና አንዱን እንዲመርጥ እጠይቀዋለሁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደጀን)፦ ሊሰበሰብ 5 ደቂቃ ሲቀረው ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሙሉውን ለማንበብ አትጣደፊ። የተዘለለ ጥያቄ እንዳለ እዪ፤ ቀጥሎ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከጥያቄው ጋር አስተያዪ፤ ከዚያ ማሰሪያ አንቀጾችን ተመልከቺ። የፊደል ግድፈት የመጨረሻው ነው። ስታርሚም በአንድ መስመር ሰርዘሽ ከላዩ ጻፊ፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን መልስ አራሚው በትክክል ላያነበው ይችላል።