አገር ቤት በአዘቦት ቀን ግቡ

በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቡልጋሪያ ከተላኩት አንዱ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ የቪዲን ልጅ ስለነበር ለፋሲካ ቤታቸው ይወስደኝ ነበር። ቪዲን በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ናት፤ ከማዶ ሩማንያ ይታያል። በዚያ ዘመን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ40 ሺህ በታች ሆኗል። የኮሚኒስቱ አገዛዝ በ1989 ካበቃ በኋላ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። በ2007 አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ወጣቱ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ጀርመን ነጎደ። ብዙዎቹ ሴቶች የሰው አገር ሽማግሌ ይጦራሉ፤ ቤይሩትና ሪያድ ያላችሁ እህቶቼ ይህን ሥራ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከዓመታት በኋላ በኦገስት፣ ውጭ ያሉት ለዕረፍት በሚገቡበት ወር፣ ሄድኩ። መንገዱ የጣሊያንና የስፔን ታርጋ በለጠፉ መኪኖች ተጨናንቋል፣ ካፌው ሞልቷል። ከተማዋ ደህና ናት ብዬ ተመለስኩ።

ቀጥሎ የሄድኩት የጓደኛዬ እናት አርፈው ለአርባቸው ነው፤ ኖቬምበር ነበር። ቡልጋሪያዎች እንደ እኛ አርባ ያወጣሉ። የሟቹን ፎቶ በወረቀት አትመው በሩ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጥፋሉ፤ ለመንፈቁና ለሙት ዓመቱም እንደገና። በዚያ ሰፈር ዝናብ ያጠባቸው ፎቶዎች በተቆለፈ በር ላይ ተደርድረው አየሁ፤ አንዳንዱ በር ላይ ባልና ሚስት ጎን ለጎን። የጓደኛዬ ቤት ጣሪያው አዲስ፣ መስኮቱ አዲስ ነው፤ ሁሉንም ከጣሊያን በላከው ገንዘብ አሠርቶታል። እናቱ መሞታቸው የታወቀው ግን በሁለተኛው ቀን ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ባዶ ነበሩ።

እዚያው ከተማ በ1894 የተሠራ ምኩራብ አለ። አብዛኞቹ የቡልጋሪያ አይሁድ በ1948 እና በ1949 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወና ቀርቶ ጣሪያው ወደቀ። በ2023 ታድሶ የባህል ማዕከል ሆኗል፤ እሰየው ነው፤ የሚጸልዩበት ሰዎች ግን አልተመለሱም።

እኛም የምንገባው ለገና፣ ለጥምቀት ነው። በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቤቱ ሁልጊዜ እንዲህ የሞላ ይመስለናል። እባካችሁ አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ሠርግ በሌለበት፣ በተራ ማክሰኞ ግቡ። የእናታችሁን መድኃኒት ማን ይከታተላል? ማታ ማን አብሯቸው ያድራል? የሰፈሩ ዕድር ድንኳን የሚተክል ጎልማሳ ቀርቶታል ወይ? በተለይ አዲስ አበባ የድሮ ሰፈራቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የገቡ ወላጆች ያላችሁ፣ በዚያ ፎቅ በስማቸው የሚጠራቸው ጎረቤት መኖሩን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛውን ፎቅ ከማስጀመራችሁ በፊት ለአንዲት የዘመድ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ቻሉላትና እናታችሁ ዘንድ ትቀመጥ። የተሠራውንም ቤት በዘበኛ ቆልፋችሁ አታስቀምጡ፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብ በቅናሽ አከራዩት፣ በግቢው ኮቴ ይሰማ።

ፈቃድ የማታገኙት ደግሞ ለእናታችሁ ብቻ አትደውሉ፤ ለጎረቤታቸውም ደውሉ። እናታችሁ እንደሆነ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይነግሯችሁም።