ለውዝ ያወፍራል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጾም ሲገባ ስለ ለውዝ የምትጠይቁኝ ትበዛላችሁ። በሥነ ምግብ ሙያ ስለምሠራ የምችለውን ያህል በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቢሮ ቁጭ ብዬ ለውዝ ያለው ቆሎ ስቆረጥም እውላለሁ። ቅባት ነው ይሉኛል። ያወፍረኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቅባቱስ እውነት ነው። ከለውዝ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም ገደማ፣ 170 ካሎሪ ይይዛል። ግን እንደተፈራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ለውዝና መሰሎቹን አብዝተው መብላት የጀመሩት ክብደታቸው ብዙም አልጨመረም፤ የድንች ችፕስ ያበዙት ግን ጨምረዋል። ይህ ማለት ለውዝ ያከሳል ማለት አይደለም። ለውዝ የሚያዘወትር ሰው ሌላው አኗኗሩም ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ካሎሪ የት ይገባል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት! አንደኛ፣ ለውዝ ያጠግባል። አሥር ሰዓት ላይ የቀመሰ ሰው እራት ላይ እንጀራው ይቀንስለታል። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ዘይቱ የተቀመጠው በጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ነው። ጥርሳችን ሁሉንም አያደቀውም፤ ስለዚህ ከፊሉ ሳይፈጭ ከሰገራ ጋር ይወጣል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አልሞንድ የሚባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ ለክተው ነበር። 170 ካሎሪ የተባለለት 28 ግራም ለሰውነት የሰጠው 129 ብቻ ነው። አልሞንዱ ተፈጭቶ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ግን ይህ ልዩነት ጠፋ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ካፌ የለውዝ ሻይ በሁለት ቦምቦሊኖ ነው የምጾመው። ከሳሁ ስል ወፈርኩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙ ሻይ ይሁን እንጂ ምግብ ነው። ለውዙ ተፈጭቷል፣ ስኳር አለው፣ ሳታኝከው ይወርዳል። እንደ ቁርስ ቁጠረው። ስኳሩን ለብቻው እንዲያመጡልህ ጠይቅ። ቦምቦሊኖውን ተው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ካሽው የሚባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ፣ ጨው ያለውን፣ ከቆርቆሮው እየዘገንኩ ሳላውቀው አልቆ አገኘዋለሁ።

መልስ፦ ከቆርቆሮው አትዝገኚ፣ እህቴ። በቡና ሲኒ፣ ሳትሞዪ ስፈሪና ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መልሺ። ጨው የሌለውን ምረጪ። ጨው ሲኖረው እጅ አይቆምም፤ ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለክብደቴ ብዬ ውዱን አልሞንድ ልግዛ?

መልስ፦ አያስፈልግም። የባቢሌ ለውዝ ይበቃል። ለውዝ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ፕሮቲኑም ከአልሞንድ ይበልጣል። ግን እባካችሁ ልቀሙት። የሻገተውን፣ የተጨማደደውን፣ የሚመረውን ጣሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፤ መቁላትም አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ ከስቷል። ለውዝ ልስጠው?

መልስ፦ ፍሬውን እንዳለ አትስጪው፣ ሊያንቀው ይችላል። አለርጂ ከሌለበት ግን አድቅቀሽ ገንፎው ላይ ጨምሪለት። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ዋናው ነገሩ የተፈጨ ለውዝ ነው፤ 92 ግራም ከረጢቱ 500 ካሎሪ ይይዛል። ያን የሚያዘው ግን ጤና ባለሙያ ነው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ክብደቱንና የክንዱን ውፍረት ይለኩልሽ።