እጅ የሚያውቀው ወረቀት ላይ ይስፈር

ማየትም መስማትም የተሳናቸው ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦችና ከመምህራን የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ አንድ ላይ አቅርቤያለሁ።

ልጄን የሚረዳው ፕሮግራም ሠራተኞች በየሳምንቱ ስለ እሱ ይጽፋሉ። ላንብበው ስል «የቢሮ ሰነድ ነው» ተባልኩ። (እናት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ)

የተጻፈው ስለ ልጅዎ ነው፤ ይጠይቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይ መብት ሰጥቶታል። ለልጅ የሚጠይቅለት ወላጁ ነው። ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቀኑን አስፈርመው ያስቀምጡ።

ከደሴ የተዛወረች የ7 ዓመት ልጅ ተቀበልኩ። ፋይሏ ውስጥ ያለው የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው። ከየት ልጀምር? (መምህርት፣ ኮምቦልቻ)

ይህን ሳነብ አዘንኩ። ልጅቷ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ መጣች፣ ቋንቋዋ ግን ደሴ ቀረ። የሐኪሙ ወረቀት የጎደላትን ይነግርዎታል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ያላትን ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂትም ቢሆን የሚያዩት ወይም የሚሰሙት አላቸው። ብርሃን በየት በኩል ይታያታል? ማንኪያ ስትይዝ ምግብ መድረሱ ይገባታል? ፎጣ ሲነካትስ መታጠቢያዋ መድረሱ? ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሄለን ኬለር መምህርቷ አን ሱሊቫን በ1887 እ.ኤ.አ. ከመምጣቷ በፊት ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባባቸው 60 ያህል ምልክቶች ነበሯት፤ ዕድሜዋ ገና 7 አልሞላም ነበር። የእርስዎም ልጅ የራሷ ምልክቶች ይኖሯታል፤ የሚያውቋቸው እናቷና የደሴው መምህሯ ናቸው። ለመምህሯ ይደውሉ። እናቷን አንድ ቀን ክፍል አስቀምጠው እጃቸውን ይዩ። ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው አንዱን ቅጂ ለቤተሰቧ ይስጡ፤ ዳግም ብትዛወር አብሯት ይሂድ።

የፕሮግራሙ ሠራተኞች የልጃችንን ፎቶ ከነስሙ ቴሌግራም ላይ ለጠፉት። ሲመዘገብ ፈርመን ነበር። (አባት፣ ደሴ አራዳ)

ለትምህርት የተፈረመ ፊርማ ለማስታወቂያ አይሆንም። እንዲያነሱት በጽሑፍ ይጠይቁ።

የልጅ ልጄ ከሚረዳው ፕሮግራም ክንዱ ሰንበር አውጥቶ መጣ። ማን እንደነካው ሊነግረኝ አይችልም። የት ልሂድ? (አያት፣ ኮምቦልቻ)

እማማ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱትና ወረቀቱን ይያዙ። ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያጣራው ግን ፕሮግራሙ ራሱ መሆን የለበትም። ለፖሊስና ለከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም በማሳደጊያም እንዳይመቱ ይከላከልላቸዋል።

ከዚያ ፕሮግራሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ። በየሰዓቱ ልጁን ማን እንደያዘው ይመዝገብ። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል፦ እያንዳንዱ ሠራተኛ በእጅ የሚዳሰስ መለያ ይኑረው። አንዷ አምባሯን ታስነካው፣ ሌላው ጢሙን፤ ሁልጊዜም ያንኑ፣ ሲቀርቡትም ሲለዩትም። የነካውን ሰው ለመናገር መጀመሪያ ስሙን ማወቅ አለበት።