ከሞግዚቷ ጋር ጨዋ፣ ከእኔ ጋር እሳት

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ከ3 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ሥራ ውዬ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ። ሞግዚቷ «ሰላም ነው የዋለው» ትለኛለች። እኔን ሲያይ ግን ይለወጣል፤ ይንከባለላል፣ ይጮኻል፣ ምግብ ይደፋል። ባለፈው ሳምንት የሽሮውን ሳህን ሲወረውር እጁን መታሁት። እያለቀሰ መጥቶ እኔኑ አቀፈኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው» ይላል። ልጄ ጠልቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አልጠላሽም። መልሱ እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። መትተሽው እንኳ እያለቀሰ የመጣው ወደ አንቺው ነው።

ከሞግዚቷ ጋር ሰላም የሚውለው ራሱን ይዞ ስለሚውል ነው። አንቺም እኮ ቢሮ ያስከፋሽን ነገር ዋጥ አድርገሽ ትውያለሽ፤ የሚወጣልሽ ቤት ገብተሽ ጫማሽን ስታወልቂ ነው። ልጅም እንደዚያው ነው፣ የቀኑን ሁሉ ልቅሶ የሚያፈሰው «ይቺ ሰው የትም አትሄድብኝም» ብሎ የሚያምናት ሰው ላይ ነው። በዚያ ላይ ያ ሰዓት ለትንሽ ልጅ ክፉ ሰዓት ነው። ርቦታል፣ ደክሞታል፣ እንቅልፉ መጥቷል። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ በደንብ የሚበስለው ሰው 20ዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው፤ የአንቺ ልጅ ገና 2 ዓመቱ ነው። «ናፍቀሽኝ ነበር፣ ለምን ቆየሽ?» የሚልበት አፍ ገና አልፈታም።

ስለ መምታትሽ አላባብልሽም፤ መምታት አልነበረብሽም። ይህን አንቺም ስለምታውቂ ነው ያለቀስሽው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድ ትሮኒክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ያደረገው ሙከራ አለ። እናት ከጥቂት ወር ሕፃኗ ጋር ስትጫወት ትቆይና ድንገት ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይልላታል፤ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል። ያንን ማየት ልብ ይሰብራል። ከዚያ እናትየው ስትመለስለት ቀስ እያለ እሱም ይመለሳል። ትሮኒክ ያየው ሌላም ነገር አለ፦ በደህናው ቤት እንኳ እናትና ሕፃን በደንብ የሚገጣጠሙት ከጊዜው 30 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው መሳትና መልሶ መገናኘት ነው።

እናቴ ተቆጥታኝ «ይቅርታ» ብላኝ አታውቅም። ማታ ግን ጉልበቷ ሥር ታስቀምጠኝና ጭንቅላቴን ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ጣቶቿ ሲዳስሱኝ እንደታረቅን አውቅ ነበር። ቃሉንም ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ አንቺ ግን ለልጅሽ ሁለቱንም ስጪው። ቁጭ ብለሽ፣ ዓይንሽ ከዓይኑ እኩል ሆኖ፦ «እጅህን መታሁህ። አመመህ። እማዬ ተሳስታለች።» በቃ። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስትገቢ ደግሞ ወጥ ቤት አትግቢ፣ ልብስም አትቀይሪ። ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ ስልክሽን ቦርሳው ውስጥ ተይው፣ ወለሉ ላይ ለ10 ደቂቃ ተቀመጪለት። ማልቀስ ከፈለገ ያልቅስ፤ «ናፍቄህ ነበር፣ ተናደሃል» በይው። ሳህን ሲያነሳ እጁን ያዝ አድርገሽ «አይወረወርም» በይና ሳህኑን አንሺው። ስታዝኚለት ክልከላውን አታንሺ፣ ስትከለክዪውም አትጩኺበት። መጀመሪያ ላይ ልቅሶው ሊብስ ይችላል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ታገሺው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ብዙ አባት በገዛ ልጁ ላይ እንግዳ ሆኖ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስለዚህ «አቀበጥሽው» ሲልሽ አትከራከሪው፤ ማታ ማታ ገላውን ማጠቡን ለእሱ ስጪው፣ አጠገቡ ቆመሽም አታርሚው። ውሃ ቢረጭ ይርጭ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የመታጠቢያ ቤት ልቅሶ አንድ ቀን ብቻ ነው ወይስ ይመላለሳል? በየቀኑ ከሆነና 2 ሳምንት ካለፈው፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ያ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ለእኔም ጻፊልኝ፤ ይህኛውን ሳትመልሺልኝ እንዳትቀሪ።