ሰይፉ ከአፎቱ ሳይወጣ፦ በቀደሙት የቻይና የሰይፍ ፊልሞች ትወና ላይ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሆንግ ኮንግና በታይዋን የተሠሩትን፣ «ውሺያ» የሚባሉትን የሰይፍ ፊልሞች ይመለከታሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፈልጎ ለማግኘት እንዲቀል ፊልሞቹ በውጭ በሚታወቁበት ስም ተጠርተዋል።

ጥያቄ፦ ብሩስ ሊ እዚህ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። እኛ ሁሉንም «የካራቴ ፊልም» ስለምንል ይደባለቃል እንጂ የእሱ ኩንግ ፉ ነው፤ በባዶ እጅ፣ ለእኛ ዘመን በቀረበ ጊዜ የሚካሄድ። ውሺያ በነገሥታቱ ዘመን የሚፈጸም፣ ሰይፍና ቃል ኪዳን የሚገዙት ዓለም ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን አለ። በ«ዘ ቢግ ቦስ» (1971) መጨረሻ ላይ ብሩስ ሊ የሚገጥመው አለቃ ሃን ዪንግቺዬ ነው፤ እሱ የዳይሬክተር ኪንግ ሁ ፊልሞችን ውጊያ ያቀናብር የነበረ ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ተዋንያኑ ቆመው ይፋጠጣሉ፣ ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ትወናው ደካማ ነው ወይስ እኔ አልገባኝም?

መልስ፦ ደካማ አይደለም፤ ዋናው ትወና እሱ ነው። ኪንግ ሁ በ1932 ቤጂንግ የተወለደ፣ የፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈን፣ ንግግርና ውጊያ የሚቀላቀሉበት የቻይና ባህላዊ ትያትር) ፍቅር ያደረበት ሰው ነበር፤ ሃን ዪንግቺዬም የወጣው ከኦፔራ መድረክ ነው። በኦፔራው «ሊያንግ ሺያንግ» የሚሉት ነገር አለ። ተዋናዩ በእንቅስቃሴ መሀል ድንገት ቀጥ ይላል፣ አንገቱን ፈጠን አድርጎ ያዞራል፣ ዐይኑን ይተክላል፤ ከበሮውና የነሐስ መሣሪያዎቹም በዚያችው ቅጽበት ይመታሉ። ተመልካቹ የሰውየውን ማንነት የሚያነበው ያኔ ነው።

ፊልሞቹ ይህንን ከመድረክ አውርደው ወደ ማዕድ ዙሪያ አመጡት። በ«ድራጎን ኢን» (1967) ሺ ቹን የሚጫወተው እንግዳ ማረፊያ ቤቱ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፤ ዙሪያውን ያሉት ደግሞ ሊገድሉት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ትከሻው አይነሳም፣ የፊቱ ፈገግታም አይጠፋም። ከፊልሙ ውጊያዎች ሁሉ ይህ አቀማመጥ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሌላው ምክንያት ድምፅ ነው። ፊልሞቹ የሚቀረጹት ያለ ድምፅ ነበር፤ በማንዳሪን (በቻይና ዋና ቋንቋ) የሚነገረው ንግግር ኋላ በስቱዲዮ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ድምፅ። ስለዚህ ተዋናዩ ገጸ ባሕርይውን በአነጋገሩ ሊገነባው አይችልም። የሚቀሩለት ዐይን፣ አንገት፣ እጅና አረማመድ ናቸው። ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር የማይገጥመውን ድምፅ ትታችሁ እነዚህን አራቱን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ የ«ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» ተዋናይት ቼንግ ፔይፔይ የባሌት ተማሪ ነበረች ይባላል። ታዲያ ሰይፍ ስትይዝ እንዴት ታሳምናለች?

መልስ፦ እውነት ነው፣ መሠረቷ ዳንስ ነው። ኪንግ ሁ ውጊያን የሚያየው እንደ ጭፈራ ስለነበር የፈለገው መደባደብ የሚችል ሰው ሳይሆን የሙዚቃ ምት የሚጠብቅ አካል ነው። «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» (1966) ሲሠራ ዕድሜዋ 20 ገደማ ነበር። መምታቷን ሳይሆን ከመታች በኋላ ያለውን ተመልከቱ፦ እግሯ ቦታውን ይዟል፣ ወገቧ ቀጥ ብሏል፣ ዐይኗ ወደሚቀጥለው ጠላት ቀድሞ ሄዷል። ያልሠለጠነ ሰው ከምቱ በኋላ ሚዛኑን ለመመለስ ግማሽ እርምጃ ይጨምራል፤ እሷ ዘንድ ያቺ ግማሽ እርምጃ የለችም።

ያንኑ ገጸ ባሕርይ በ«ጎልደን ስዋሎው» (1968) ለዳይሬክተር ቻንግ ቼ ስትጫወት ደግሞ እዩ። ፊልሙ በገጸ ባሕርይዋ ስም ቢጠራም ቻንግ ቼ ልቡ ከወንድ ጀግኖች ጋር ነውና ታሪኩን ተዋናዩ ጂሚ ዋንግ ዩ ይወስደዋል፤ እሷ የሁለት ወንዶች ፍቅር መሀል ቆማ ትቀራለች። ተዋናይዋ ያችው፣ ሚናው ያው፣ ልዩነቱ ሁለት ዓመት ብቻ። ዳይሬክተር ገጸ ባሕርይን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ቼንግ ፔይፔይ በ«ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» ወንድ መስላ ስትለብስ ሴት መሆኗ በግልጽ ይታያል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ለምን አያስተውሉም?

መልስ፦ ስምምነት ነው። ከመድረኩ የመጣ ልማድ ስለሆነ ተመልካቹ እንዲታለል አይጠበቅም፤ ከተዋናይዋ ጋር ምስጢሩን ይካፈላል እንጂ። በ«ድራጎን ኢን» ሻንግኳን ሊንግፌንግም እንደዚሁ ናት።

ጥያቄ፦ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይበሩ ነበር?

መልስ፦ አንድ ዝላይ ሦስት ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) ነው። በመጀመሪያው ዋናው ተዋናይ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከምስሉ ወደ ላይ ይወጣል። በሁለተኛው ከዕይታ ውጭ ከተቀመጠ ትራምፖሊን የተነሣ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ተተኪ፣ ከታች ወደ ላይ ይቀረጻል፤ ኋላው ሰማይ ወይም ቅጠል ብቻ ይሆናል። በሦስተኛው ተዋናዩ ከአጭር ከፍታ ዘሎ ወደ ምስሉ ይገባና ያርፋል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ አቅጣጫው ሲዛባ፤ ወደ ቀኝ የተነሣ ሰው ወደ ግራ ሲበር ከታየ ዐይን ወዲያው ይነቃል። ሁለተኛ መካከለኛው ሾት ሲረዝም፤ የሰው ክብደት ይታይና ወፍ የነበረው ሰው ጆንያ ይሆናል። ኪንግ ሁ ከአንድ ሰከንድ በታች እያደረገ ስለሚቆርጠው የምናየው ዝላዩን ሳይሆን የዝላዩን ብልጭታ ነው። ሦስተኛ ማረፊያው፦ ተዋናዩ እንዳረፈ ፊቱ የሥቃይ ወይም የጥረት ምልክት ካሳየ የሁለቱ ሾቶች ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ተዋናይት ሹ ፌንግ በኪንግ ሁ «ኤ ተች ኦፍ ዜን» ስታርፍ ፊቷ ጭራሽ ከመሬት ያልተነሣ ሰው ፊት ነው። በዚሁ ፊልም የቀርከሃ ጫካው ውጊያ ብቻውን 25 ቀን ያህል ቀረጻ የፈጀው በከንቱ አይደለም። በ2000 የወጣው «ክራውቺንግ ታይገር ሂደን ድራጎን» ወደ ቀርከሃው ሲመለስ ሥራው በገመድ ሆነ፤ ገመዱም በኮምፒውተር ተሰረዘ። በገመድ መንሳፈፍ ይቻላል፣ ሾቱም ይረዝማል። ያ የትራምፖሊኑ ድንገተኛነት ግን አብሮ የሚመጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ የሚይዙት መሣሪያ ይለያያል። ትርጉም አለው?

መልስ፦ አለው፤ አማርኛም ሁለት ቃል ስላለው ለእኛ ይቀለናል። «ጂያን» በሁለት በኩል የተሳለ ቀጥ ያለ ሰይፍ ነው፤ «ዳው» ባንድ በኩል ብቻ የተሳለ ጎራዴ። ቻይናውያን ጎራዴን በነብር፣ ሰይፍን በፊኒክስ ወፍ ይመስሉታል። ሰይፍ ከእጅ አንጓና ከጫፉ ይሠራል፤ ነፃው እጅ አመልካችና መሀል ጣቶችን አቅንቶ ሌሎቹን በአውራ ጣት ይይዛል። ጎራዴ ከወገብ ይመጣል፣ ይቆርጣል። ሰይፍ ይዞ እንደ ጎራዴ የሚፈልጥ ተዋናይ ካያችሁ ወይ ሥልጠና አጥሮታል፣ ወይ ዳይሬክተሩ ገጸ ባሕርይው ራሱን መግዛት ማቃቱን እያሳየ ነው።

ጥያቄ፦ ጂሚ ዋንግ ዩ ባንድ እጁ እየተዋጋ ማሸነፉ የማይመስል ነገር አይደለም?

መልስ፦ የ«ዋን አርምድ ስወርድስማን» (1967) ብልሃት ማስመሰሉ ላይ ነው። ቀኝ ክንዱን የቆረጠችው የመምህሩ ልጅ ናት። የቀረው ግራ እጅ፣ ግማሹ የተቃጠለ የሥልጠና መጽሐፍና ከአባቱ የወረሰው ስባሪ መሣሪያ ነው። ጠላቶቹ የመምህሩን ትምህርት ቤት ረጅም ሰይፍ ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰይፍ ስለያዙ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ስባሪው አጭር በመሆኑ ግን ከቁልፉ ያመልጣል። ጉድለቱ ራሱ መልስ ሆነ ማለት ነው።

ዋንግ ዩ የውኃ ዋና ሻምፒዮን እንጂ የኦፔራ ልጅ አልነበረም፤ ውጊያውን ያቀናበሩለት ላው ካር-ሊዩንግና ቶንግ ጋይ ናቸው። እንቅስቃሴው እንደ ቼንግ ፔይፔይ የጠራ አይደለም። እሱ የሚጫወተው ቁጭትን ነው፣ ያም በመንጋጋውና በባዶው እጅጌው ይታያል።

ጥያቄ፦ ጃንደረባው ለምን ሁልጊዜ ክፉ ነው?

መልስ፦ ታሪካዊ ሥር አለው። በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ1420 የተቋቋመው «ምሥራቃዊ ቢሮ» የተባለው የስለላ መሥሪያ ቤት በጃንደረቦች ይመራ ነበር። በ«ድራጎን ኢን» ፓይ ዪንግ ነጭ ፀጉር ያለው፣ እጅግ የበረታ፣ ግን አስም ያለበት ጃንደረባ ሆኖ ይጫወታል። አስሙ ታላቅ የትወና ሐሳብ ነው፦ ከብዙዎቹ ጋር ሲገጥም ትንፋሹን እየሰማን ኃይሉ ሲጎድል እንቆጥራለን። በጉልበት የማይደረስበትን ሰው በትንፋሹ ይደርሱበታል።

ጥያቄ፦ የድራማ ክበብ ነን። በመድረክ ልንሞክረው እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፣ በብረት ግን አትጀምሩ። ቀላል እንጨት አዘጋጁ፤ ልኩ በግራ እጅ ተገልብጦ ተይዞ ክንድ ሲወርድ ጫፉ ጆሮ የሚደርስ ነው። መያዣው ጫፍ ላይ ዘርፍ የምታስሩበት ከሆነ አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ለጀማሪ አንጓ ላይ ይጠመጠማል።

ሦስት እርምጃ ሂዱ፤ በሦስተኛው ክብደታችሁን በኋላ እግር ላይ ጣሉ። ዐይን እጅን ይከተል፣ እጅ ሲቆም አንገት ይዙር፣ ዐይን መጨረሻ ላይ ዒላማው ላይ ይተከል። አንድ ሰው ከበሮ በዚያች ቅጽበት ይምታ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩና ልቀቁ። ሲከሽፍ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ትንፋሽ ተይዞ ትከሻ ይነሳል፣ ዐይን ይርገበገባል፣ ወይም ከበሮ መቺው ተዋናዩን እየጠበቀ ይዘገያል። ከበሮ መቺውን ከተዋናዩ እኩል አለማምዱት። ሁለት ሰው ሲገጥም ጫፎቹ ከአካል አንድ ክንድ ይራቁ፤ ከፊት ለሚያይ ተመልካች ርቀቱ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ልጀምር? ቅጂስ ለውጥ አለው?

መልስ፦ ከ«ድራጎን ኢን» ጀምሩ፤ ከዚያ «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»፣ ቀጥሎ «ዋን አርምድ ስወርድስማን»። «ኤ ተች ኦፍ ዜን»ን ለመጨረሻ አቆዩት። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ የመጀመሪያው ውጊያም አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዝምታውን ማንበብ ላልለመደ ይከብዳል።

ቅጂው ብዙ ለውጥ አለው። ፊልሞቹ የተቀረጹት ወርዱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ በሆነ ሰፊ ምስል ነው። ለድሮ ቴሌቪዥን ተቆርጦ ሲቀርብ ከስፋቱ 40 በመቶ በላይ ይጠፋል፤ ከጠፋው ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ሰው አለበት። ያኔ ተዋናዩ ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ይመስላል። በማንዳሪን ድምፅ የሆነውን፣ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያለውን ቅጂ ፈልጉ።