«ሞርፊኑ እናቴን ይገድላት ይሆን?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። የ78 ዓመት እናቴ የቆሽት ካንሰር ይዟት ወደ ጉበቷ ስለተሰራጨ ሐኪሞቹ ሆስፒስ እንድትገባ መክረዋል። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ «በሞርፊን ልታስገድያት ነው?» ብለው አኩርፈውኛል። የማስተረጉምላት እኔ ስለሆንኩ «ጨጓራ ነው» ብያታለሁ። ሌሊት ሕመሙ ጀርባዋን ሰቅዞ ሲይዛት ትራስ አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ ተቀምጣ ታድራለች። ሰሞኑን «ምነው ፈጣሪ በወሰደኝና ባረፍኩት» አለችኝ። እዚህ አገር ሕጉ በመድኃኒት መሞትን ይፈቅዳል ይባላል፤ ይህን መጠየቋ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሞችዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ሆስፒስ በሽታውን ለማዳን የሚደረገው ሕክምና ቆሞ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር እንዲቀልሉ የሚደረግበት እንክብካቤ ነው፤ ሞርፊንም በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ እየተስተካከለ ሲሰጥ ሥቃይን ይቀንሳል እንጂ ለመግደል የሚታዘዝ አይደለም። አዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ሕመምተኞችን በየቤታቸው እንደሚንከባከብ ይንገሯቸው።

ሕጉ ግን ሌላ ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቁት ሕግ፣ ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር በሐኪሞች የተረጋገጠ አዋቂ ሰው ሕይወቱን የሚያቋጭ መድኃኒት በቃልም በጽሑፍም ራሱ ጠይቆ ራሱ እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ ልጅ በእናቱ ስም መጠየቅ አይችልም። በኢትዮጵያ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ፣ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ያስቀጣል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን «ጨጓራ ነው» መባሉ ነው። የእናትዎ ቃል በእኛ እናቶች አፍ ጸሎትም፣ ምሬትም፣ «አመመኝ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ትራስ አቅፎ በሚያድር ሰው ዘንድ ሦስቱን መለየት ስለማይቻል፣ አስቀድሞ ሕመሙ ይታገሥላቸው። ደግሞስ ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ንስሐ አባቱን ምን ብሎ ያስጠራል? ለሌላው ሞት ዘመድ ሰብስበን፣ ጎሕ ሳይቀድ መርዶ የምናረዳ ሰዎች፣ የገዛ ሞቱን ግን ባለቤቱ እንዳይሰማ እንደብቃለን።

ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበትና ይጠይቁ፤ እርስዎ አጠገባቸው እጃቸውን ይዘው ይቀመጡ። ሐኪሙም ስለ በሽታው ከመናገሩ በፊት «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ይበላቸው። ምናልባት «ለልጄ ንገሯት፣ እኔ ይቅርብኝ» ይሉ ይሆናል፤ እንዲያ ካሉ እርስዎ እንዳሉት ሳይሆን እሳቸው እንዳሉት ይሁን።