ሞዴለር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የጊታሪስቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን በውስጥ የሚላክልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ጊታር ሞዴለር ስለሆነ፣ ዛሬ ሁሉንም እዚሁ በግልጽ እንነጋገርበት። አምፑንም፣ ስፒከሩንም፣ ፔዳሉንም በዲጂታል አስመስሎ ስለሚያወጣው ዕቃ ነው የማወራው። ሂሊክስ፣ ኬምፐር፣ ኳድ ኮርቴክስ፣ ቶኔክስ፣ ከአነስተኞቹም ቦስ ጂቲ-1 እና ዙም ጂ1 ፎር ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ስትጠይቁኝ አንድ ነገር አትርሱ። ድምፁ በምን በኩል ነው የሚወጣው? በሚክሰር? በሄድፎን? በጊታር አምፕ? ግዙ ወይም አትግዙ የምላችሁ ይህንን ካወቅኩ በኋላ ነው። ዋጋ ደግሞ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ነገ አይሠራም።

የአዳማው፦ ጋሼ፣ የምጫወተው ቸርች ውስጥ ነው። አምፕ የለንም፤ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው። ያለችኝ ድምፁን የምታሻክር አንዲት ዲስቶርሽን ፔዳል ናት። ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ሞዴለር ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግሃል፣ ግዛ። እንደ አንተ ሚክሰር ላይ ለሚሰካ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የጊታር አምፕ ውስጥ ያለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ቀጭኑንና የሚቧጥጠውን ያስቀርልናል ማለት ነው። የቸርቹ ትልቅ ስፒከር ግን ምንም አያስቀርም፤ የገባለትን ሁሉ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ዲስቶርሽንህ የንብ ቀፎ የሚመስለው። ሞዴለር ውስጥ «ካብ» ወይም «አይአር» የሚባል ክፍል አለ። የእውነተኛ ስፒከር ድምፅ በማይክ ተወስዶ ባሕርዩ ወደ ፋይል የተቀየረበት ነው። እሱን ስታበራው የሚቧጥጠው ድምፅ ይቀርልሃል።

ዕቃው እጅህ ሲገባ ሎው ከቱን (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ሃይ ከቱን (ቀጭኑን የሚቆርጠውን) 6,000 አካባቢ አድርገው። ሚክሰሩ ላይ አንድ ቻናል ብቻ ካለህ የግራውን መውጫ ተጠቀም። የአንተ ቻናል ላይ 48 ቮልቱ (ለማይክ የሚላከው ኤሌክትሪክ) መጥፋቱንም ሳውንድ ማኑን ጠይቀው።

ጀማሪው፦ የትኛው ሞዴለር ነው አሪፍ?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በምን በኩል የሚወጣ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ አምፕ ይዤለት ልሄድ ነው። ያገለገለ ትዊን ሪቨርብ፣ የፌንደሩን ቲዩብ አምፕ፣ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። እሱን ልውሰድለት ወይስ ሞዴለር? ሆቴል ውስጥ ነው የሚጫወተው፤ ቤቱ ሚክሰር አለው።

መልስ፦ እህቴ፣ ትዊኑን እዛው ተዪው። ድምፁ ግሩም ነው፣ ግን ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሻንጣ የሚፈቀድልሽ 23 ኪሎ ነው። ከክብደቱ የሚብሰው ደግሞ ቮልቴጁ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቲዩብ አምፕ ትራንስፎርመሩ የተጠመጠመው ለ120 ነው። ወንድምሽ ግድግዳው ላይ ሲሰካው ፊውዙ ቶሎ ካልተበጠሰ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ከ220 ወደ 120 የሚቀንስ ዕቃ ይግዛ ብትዪም፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሳያውቅ በቀጥታ ይሰካዋል። ድምፁን የሚያጎላው የመስታወት ቲዩብ ሲያረጅስ? ዛሬ ቲዩብ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ናቸው ዋናዎቹ። እዚህ ሱቅ ገብተሽ የምታገኚው ዕቃ አይደለም።

ወንድምሽ ሚክሰር ካለው ሞዴለር ውሰጂለት። ስትገዢ ግን ዕቃው ጀርባ ወይም አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። «100-240» ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ አትግዢው። ኤችኤክስ ስቶምፕ የሚባለው ትንሹ ሞዴለር ከሆነ ደግሞ ከነራሱ አዳፕተር ውሰጂው። 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ነው ያለው። 500 ሚሊአምፔር የሚሰጠው የተለመደው የፔዳል ፓወር ሰፕላይ አያስነሣውም።

ቲዩብ ብቻ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ትዊን ሪቨርብን ትተሽ ኮምፒውተር ግዢ ማለት ግን ይከብዳል። ቲዩብ ስትነካው እጅህ ላይ ይመልስልሃል። ዲጂታሉ ድርቅ ያለ ነው።

ሳውንድ ማኑ፦ እጅህ ላይ የሚመልስልህ አምፑ ከፍ ሲል ነው። ባለ 85 ዋት አምፕ ሆቴል ውስጥ እንደዚያ ከተከፈተ የዘፋኙን ድምፅ በምን ላውጣው? እንግዳው እኮ ምግቡን ትቶ ይወጣል።

ቲዩብ ብቻ፦ እናንተ ሳውንድ ማኖች መቼም ጊታር አትወዱም። ኪቦርዱን ትከፍቱታላችሁ፣ ጊታሩን ትቀብሩታላችሁ።

ሳውንድ ማኑ፦ ኪቦርዲስቱ ራሱን በቮልዩም ፔዳል ይቆጣጠራል። ጊታሪስቱ ሶሎ ላይ ከፍ ያደርግና እዛው ይረሳዋል።

የፒያሳው፦ ከሠርግ ላይ ጊታሪስቱን ያስወጣው ሞዴለርም ቲዩብም አይደለም። አንድ ኪቦርድ ነው፤ ከበሮውንም ባሱንም ብቻውን ይጫወታል።

ቲዩብ ብቻ፦ እሱማ ሌላ ጉድ ነው።

መልስ፦ የሠርጉን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆዩት፣ ከርዕሱ ወጣን። ቲዩብ ብቻ፣ የምትለው ነገር አለ፤ አልክድም። ልዩነቱ የሚታየው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ሊሰነጠቅ የሚልበት ጠርዝ ላይ። ለስለስ አድርገህ ስትነካው ንጹሕ ነው፤ ስትመታው ሻከር ይላል። ርካሽ ሞዴለር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ዲስቶርሽን ከፍቶ ያስደምማችኋል። ዲስቶርሽን ሁሉም ላይ ያምራል፤ አትታለሉ። እናንተ አንድ የፌንደር ዓይነት አምፕ ምረጡ። ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን ቁልፍ) ድምፁ ሊሰነጠቅ የሚልበት ላይ አቁሙት። ሪቨርቡን (እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባውን) አጥፉና አንድ የትዝታ ሐረግ ተጫወቱ። መጀመሪያ በለስላሳ፣ ቀጥሎ በኃይል፣ ከዚያ የጊታራችሁን ቮልዩም ግማሽ ላይ አውርዳችሁ። ድምፁ ቀስ በቀስ እየተከተላችሁ ከተለወጠ ጥሩ ዕቃ ነው። ሻካራው በድንገት ገብቶ በድንገት ከወጣ ተዉት። የእኛ ሙዚቃ አብዛኛው ንጹሕ ድምፅ ይፈልጋል። 200 አምፕ አለው የሚለው ማስታወቂያ ምንም አይጨምርላችሁም፤ ሁለት ጥሩ አምፕ ይበቃችኋል።

ጎንደሬው፦ አዲሱን ሞዴለሬን አምፔ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ታፈነ፤ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የስፒከር ማስመሰያውን ከእውነተኛ ስፒከር ጋር ደርበኸዋል። ካቡን አጥፋው። አምፕህ ከጀርባው «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ካለው እዛ ሰካ፤ የአምፑ ፕሪአምፕ (ቃናውን የሚሠራው የመጀመሪያ ክፍል) ይታለፋል። ከሌለው ደግሞ ሞዴለሩ ውስጥ አምፑንም ካቡንም አጥፍተህ ኢፌክቱን ብቻ ተጠቀም። ሁላችሁም ያዙት፦ ወደ ጊታር አምፕ ከሆነ ካብ ይጥፋ። ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ሄድፎን ከሆነ ካብ ይብራ።

ዱባይ ነኝ፦ ከዚህ ብገዛ ቮልቴጁ ይሆናል?

መልስ፦ ለዱባይ ገበያ የተሠራ ከሆነ ይሆናል፣ እዛም 230 ነው። ሶኬቱ ብቻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ መቀየሪያ ያዝ። ጽሑፉን ግን አንብብ። ዱባይ ውስጥም ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ይሸጣል።

የሐዋሳዋ፦ ጋሼ፣ ሞዴለር ገዝቻለሁ፤ በሚክሰር ነው የሚወጣው። ለትዝታ ደስ ይላል። ችክችካ ስንጀምር ግን ዲሌዩ (ድምፁን እያዘገየ የሚደግመው) ተደባልቆ ምቱ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጎበዝ! ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። ከፋብሪካ የሚመጡት ፕሪሴቶች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ድምፆች) አብዛኞቹ የተሰናዱት ለ4/4 ነው። ዲሌያቸው በብዛት ባለ ነጥብ ስምንተኛ (የአንድ ምት ሦስት አራተኛ) ላይ ነው ያለው። ችክችካ ግን 6/8 ነው። በአንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉ። ባለ ነጥቡ ዲሌይ በሁለተኛውና በሦስተኛው አልፎ፣ ቀጣዩ ትልቅ ምት ሳይደርስ መሃል ላይ ይወድቃል። ምቱ የሚጠፋብሽ ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ትልቁን ምት፣ በእግርሽ መሬት የምትመቺበትን፣ ታፕ አድርጊ (የታፕ ቁልፉን በምቱ ልክ ምቺ)። ዲሌዩን ወደ ስምንተኛ ትሪፕሌት (የትልቁ ምት አንድ ሦስተኛ) ቀይሪው። ያኔ የሚመለሰው ድምፅ በትናንሾቹ ምቶች ላይ በትክክል ያርፋል። እሱ ከበዛብሽ ሩብ ላይ አድርጊው፤ በየትልቁ ምት ይመለሳል። ሁለቴ ተመልሶ እንዲጠፋ ፊድባኩን ቀንሺ። ሚክሱ (የዲሌዩ መጠን) ከ20 በመቶ አይለፍ።

ሪቨርብም በቅኝት ይለያያል። ትዝታ ላይ ረዘም ብታደርጊው ይሸከመዋል። አንቺሆዬ ላይ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። ረጅም ሪቨርብ የፊተኛውን ኖታ ሳያጠፋ ኋለኛው ይደርሳል፤ ይጋጫሉ። ለአንቺሆዬ የተለየ ፕሪሴት ሥሪለት፣ ሪቨርቡን አሳጥሪው። ይህንን የትኛውም ፋብሪካ ሠርቶ አይልክልንም። ራሳችን ነን የምንሠራው።

ጀማሪው፦ አነበብኩት ጋሼ። ሂሊክስ ወይስ ኳድ ኮርቴክስ?

መልስ፦ በምን በኩል እንደሚወጣ አሁንም አልነገርከኝም! ጀማሪ ከሆንክ ሁለቱም ይቅሩብህ። ጂቲ-1 ወይም ጂ1 ፎር ፈልግ። ሁለቱም በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። መብራት ቢሄድም ሄድፎንህን ሰክተህ ትለማመዳለህ።

የጅማው፦ ላፕቶፕ አለኝ። በነፃ የሚሠራ ነገር የለም?

መልስ፦ አለ፣ ጥሩም ነው። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ሰዎች የየራሳቸውን አምፕ ቀድተው ያጋሩበታል። ካብ ስለሚፈልግ አይአር ጫንበት። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ግን ጊታር አትሰካ። ትንሽ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታርን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ዕቃ) ግዛ፣ የራሱን ድራይቨር ተጠቀምና በፈሩን (የድምፁን መዘግየት የሚወስነውን) 128 ወይም 64 ላይ አድርግ። ቤት ለመለማመድና ለመቅዳት ከበቂ በላይ ነው። መድረክ ላይ ግን አትመካበት።

የሐረሩ፦ ሞዴለሩን በብሉቱዝ ከስፒከሬ ጋር ባገናኘውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ መቶ ሚሊሰኮንድና ከዚያ በላይ ይዘገያል። ክሩን ነክተህ ድምፁን ትጠብቃለህ። በገመድ ሰካ።

የመገናኛው፦ ቤት ውስጥ የሠራሁት ፕሪሴት ያምራል። መድረክ ላይ ግን ይጎረናል፣ ሶሎዬም አይሰማም። ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው።

መልስ፦ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ባሱንና ቀጭኑን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን ይህንን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። አንተም ቤት ውስጥ በሄድፎን የጎደለ መስሎህ ባሱንና ትሬብሉን ጨመርክ። መድረክ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ጭማሪው ሁሉ ፈጥጦ ወጣ። ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ቀንሶ ስለቀረ ደግሞ ኪቦርዱ ዋጠህ። ሳውንድ ቼክ ላይ ቀድመህ ድረስ። በመድረኩ ድምፅ ባሱን ቀንስ፣ ሚዱን መልስ። ለመድረክና ለቤት ሁለት የተለያየ ፕሪሴት ይኑርህ።

ባሲስቱ፦ ለባስስ የትኛው ይሆናል?

መልስ፦ ያው ዕቃ ባስም ይሠራል። ዝርዝሩን ባሲስቶች ይመልሱልህ።

ናፍቆት፦ የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት የሰላም ስዩምን ድምፅ የሚሰጥ ፕሪሴት አለ?

መልስ፦ ያ ድምፅ ከእጁ ነው። ንጹሕ አምፕ ክፈት፣ ኢፌክቱን ሁሉ አጥፋና አጨዋወቱን ከቀረጻው ላይ እየሰማህ አጥና። ፕሪሴት አትፈልግ።

የቦሌው፦ ጥሩ አምፕና ሁለት ፔዳል አለኝ። ቤት ብቻ ነው የምጫወተው፤ የሚያስቸግረኝ ጎረቤትም የለም። ሁሉም ሲገዛ ሳይ ግን…

መልስ፦ አትግዛ። ምንም የጎደለህ ነገር የለም።

ጀማሪው፦ በሄድፎን ነው የሚወጣው ጋሼ። አንድ ልጅ ከአሜሪካ የመጣ ጂቲ-1 እየሸጠ ነው። አዳፕተሩን እንዲሁ ልሰካው?

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ለሄድፎን ጂቲ-1 ይሆንሃል፤ ካቡ ይብራ። አዳፕተሩ ላይ «100-240» ካላለ ግን እንዳትሰካው። ልጁ ቤት ስትሄድ አራት የባትሪ ድንጋይ ይዘህ ሂድና በእሱ ሞክረው።